ልቤን ልብ ሳልል የቆየሁባቸው ሦስት ወራት

ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ጠቅ አለ። ልክ እንደ መብራት ማብሪያ። ከዚያ ልቤ ጋለበ። የእጅ ሰዓቴን ባየው በደቂቃ 190 ይላል። አረፍ ያለ ትልቅ ሰው ልብ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ነው የሚመታው። 15 ደቂቃ ያህል አንገላታኝና እንዳጀማመሩ ድንገት ተወኝ።

በሦስተኛው ጊዜ የልብን ኮረንቲ በሚመዘግበው ምርመራ፣ ኢሲጂ ላይ ተያዘ። ስሙ ኤስቪቲ ነው አሉኝ፤ ልብ ድንገት ከመጠን በላይ የሚፈጥንበት ሕመም። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ በልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መሀል ኮረንቲው የሚያልፍበት በር አለ። የእኔ በር ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ። አንዳንዴ ኮረንቲው በአንዱ ወርዶ በሌላው ይመለስና፣ አደባባይ ላይ መውጫው እንደጠፋው መኪና ይዞራል። ልብም በዞረ ቁጥር ይመታል። መፍትሔው አብሌሽን ነው። ቀጭን ሽቦ መሰል ቱቦ በብሽሽት የደም ሥር ወደ ልብ ይገባና ትርፉን መንገድ በሙቀት ያጠፋዋል። ወረፋው ሦስት ወር ነው።

እስከዚያ የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት፣ ቤታ ብሎከር ታዘዘልኝ። ሲነሳብኝ የማደርገውንም አሳዩኝ። መርፌ የሌለው ስሪንጅ አፍ ላይ አድርጎ ለ15 ሰከንድ አጥብቆ መንፋት፣ ወዲያው በጀርባ መተኛት፣ ሰው እግርን ወደ ላይ እንዲያነሳ ማድረግ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት በዚህ መንገድ የ43 ከመቶ ታካሚዎች ልብ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ እግር ሳይነሳ ግን 17 ከመቶ ብቻ። ይህን ዘዴ ሁሉም የልብ ሕመምተኛ ዝም ብሎ የሚሞክረው አይደለም። ለእኔ የፈቀደልኝ ሐኪሜ ነው።

ስለ ሕመሙ ይሄው ነው። ያስቸገረኝ ጥበቃው ነበር።

ደረጃ ስወጣ ሰዓቴን አያለሁ። ስልክ ሲጮህ አያለሁ። 104 ካለ «መጣ!» እላለሁ፤ በድንጋጤው 118 ይገባል። 118ቱን ሳይ ደግሞ ይብሳል። አንድ ቀን ሰዓቴን ስንቴ እንደማይ ልቆጥር ብዬ 60 ሲሞላ አፍሬ ተውኩት። ጎንበስ ማለት ሁሉ አቆምኩ። ጫማዬን እህቴ ታስርልኝ ጀመር። በዚህ ዕድሜዬ!

ሜዲቴሽን ሞክሪ ያለችኝም እሷ ናት። ሳቅኩባት። እግር አጣጥፎ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ የተረጋጋ ሰው ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። «ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ 10 ደቂቃ ብቻ፤ ሰዓቱን ግን ለእኔ ስጪኝ» አለችኝ። ከሁሉም የከበደኝ ሰዓቱን መስጠት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ውድቀት ነበር። ስልኬ ላይ ያወረድኩት መተግበሪያ በለስላሳ ድምፅ «ትኩረትሽን ወደ ደረትሽ መልሺ፤ ትንፋሽሽን አድምጪ» ይለኛል። ደረቴን ሳደምጥ የምሰማው ትንፋሼን አይደለም። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ነው። አንዷ ዱብታ ትንሽ ከዘገየች ላብ በላብ እሆናለሁ። ለሌላው ሰው መጠለያ የሆነው ቦታ ለእኔ እሳቱ የተነሳበት ቤት ነበር። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም። ለዚህ ነው አሁን የምጽፈው።

መላ ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ጠዋት ባዶ እግሬን ቀዝቃዛ ወለል ላይ አሳርፌ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ቅዝቃዜው ሐሳቤን ሁሉ ወደ እግሬ ሳበው። እዚያው ቆየሁ። ተረከዜ፣ የውስጥ እግሬ፣ ጣቶቼ። ከልቤ የሚርቀው የሰውነቴ ክፍል ይህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኩረቴ እግሬ ላይ ሆነ። «ልብ ማለት» ስንል ማስተዋል ማለታችን ነው አይደል? እኔ የተማርኩት እግሬን ልብ ማለት፣ ልቤን ልብ አለማለት ነው። በኋላ ሳነብ የሰውነትን ክፍሎች ከእግር ጣት ጀምሮ አንድ በአንድ ማስተዋል የቆየ ልምምድ መሆኑን አወቅኩ። ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ለጀመረው በሜዲቴሽን ጭንቀትን የመቀነስ ፕሮግራምም አንዱ ምሰሶ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሹን ጨመርኩበት፤ ሳላደምጠው፣ በመቁጠር ብቻ። አራት ቆጥሬ አስገባለሁ፣ ስድስት ቆጥሬ አስወጣለሁ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ገደማ ይሆናል። ወደ ውጭ ስንተነፍስ ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ፍጥነት ትንሽ ይይዘዋል፤ ስናስገባ ይለቀዋል። ማስወጫውን ማስረዘም የሚያረጋጋው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ትንፋሽ አፍኖ መያዝም ሞክሬ ነበር። አዞረኝ፤ ተውኩት።

አሁን ስህተቴን ልናገር። በሁለተኛው ወር አንድ ማታ ኤስቪቲው ተነሳ። ስሪንጁን ማንሳት ሲገባኝ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። በትንፋሽ አሸንፈዋለሁ አልኩ። እልህ ነው። 40 ደቂቃ! ዓይኔ ብዥ ማለት ሲጀምር እህቴ አፋፍሳ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰደችኝ። ዙሩን የሚያቋርጥ መድኃኒት፣ አዴኖሲን በደም ሥሬ ሰጡኝ። ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማው ስሜት ለጠላትም አይሁን፤ ዓለም የቆመ ይመስላል። ግን ልቤ ተመለሰ። ሐኪሜ በማግስቱ ተቆጣኝ። «ሜዲቴሽኑን አትተይ። ኮረንቲ ግን በምክር አይመለስም» አለኝ። ራስ ከሳተ፣ ደረት ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ቁጭ ብሎ መቁጠር የለም፤ ወዲያው ሕክምና ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መግለጫ ሜዲቴሽን የልብ ሕመም ሥጋትን ለመቀነስ ሊያግዝ ይችል ይሆናል፣ ማስረጃው ግን ገና የተሟላ አይደለም፤ የተለመደውን ሕክምናም አይተካም ብሏል። ሐኪሜ ያለኝ ይህንኑ ነው፤ እሱ ግን እየጮኸ ነው ያለው።

ታዲያ ምን ጠቀመኝ? መለየትን። የፍርሃት ምት እንደ ዳገት ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ኤስቪቲ ማብሪያ ነው፤ ጠቅ፣ ከዚያ 190። ሁለቱን ከውስጥ መለየት ስጀምር «መጣ!» የምልባቸው ጊዜያት አብዛኞቹ እኔው ራሴ የሠራኋቸው ዳገቶች እንደሆኑ ገባኝ። በመጨረሻው ወር ጫማዬን ራሴ አሰርኩ።

የአብሌሽኑ ዕለት አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። የሚያጠፉትን መንገድ ለማግኘት ሕመሙን ራሳቸው ሆን ብለው ያስነሱታል። ሦስት ወር ሙሉ የሸሸሁትን ነገር «አሁን እናስነሳዋለን» ብለው ነግረው ጀመሩት። ማስታገሻ ቢሰጡኝም ነቅቻለሁ። እግሬን ማንቀሳቀስ አይፈቀድም፤ ማስተዋል ግን ማን ይከለክለኛል? ተረከዜ አንሶላው ላይ። ጣቶቼ። አራት፣ ስድስት። ልቤ ይጋልባል፤ እኔ እግሬ ጋ ነኝ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ግን አልጮህኩም፣ አልተንቀሳቀስኩም።

ካጠፉት በኋላ እንደገና ለማስነሳት ሞከሩ። እምቢ አለ። ከዚያ ብሽሽቴ እንዳይደማ ለሰዓታት በጀርባዬ ተጋደምኩ፤ ከሁሉም የሰለቸኝ እሱ ነው።

አሁንም ጠዋት ጠዋት 10 ደቂቃ እቀመጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ደፈር ብዬ ትኩረቴን ደረቴ ላይ አሳረፍኩት። ዱብ፣ ዱብ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሰማሁት። ከዚያ ወደ እግሬ ተመለስኩ።