ቀኝ ስለው ግራ

ባለቤቴ ሞተር ሳይክል የምትጠላበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ጎማው ሁለት መሆኑ። «ቆሞ እንኳ ካልደገፉት የሚወድቅ ነገር ላይ ሰው እንዴት ይቀመጣል?» ትላለች። እኔ ደግሞ ሞተር ባለፈ ቁጥር አንገቴ አብሮት የሚዞር ሰው ነኝ። በሰው ሞተር ተለማምጃለሁ፣ መንጃ ፈቃዱም ኪሴ ውስጥ ነው፤ የጎደለኝ የቤት ውስጥ ፈቃድ ብቻ ነበር። ብዙ ከተነታረክን በኋላ ክርክሩን ትቼ ጎማ ጨመርኩ። ሳይድካር ያለው ሞተር ፎቶ አሳየኋት። ሦስት ጎማ፣ ማንም ሳይደግፈው የሚቆም፣ ከጎኑ የራሷ መቀመጫ፣ የራሷ የንፋስ መከላከያ፣ ከኋላዋ የዕቃ ማስቀመጫ። አየችው፣ አየችውና «ይሄ እንኳ ወግ አለው» አለች። በእኛ ቤት ይህ ፊርማና ማኅተም ነው።

ከዚያማ ንባብ ውስጥ ገባሁ። ሳይድካር የሚያስብ ሰው ወደደም ጠላም ኡራል የሚባለው ባለ ሳይድካር ሞተር ላይ መድረሱ አይቀርም። ሶቪየቶች የጀርመኑን ቢኤምደብሊው አር71 መሠረት አድርገው ኤም-72 የሚባል ሞተር ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ጦርነቱ ሲመጣባቸው ፋብሪካውን ከሞስኮ አንስተው ኡራል ተራሮች አካባቢ ወደምትገኘው ኢርቢት ወሰዱት። የዛሬው ኡራል የዚያ ሞተር የልጅ ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ስለ ኢርቢት ስለፈልፍ ሰነበትኩ። ባለቤቴ ግን የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ጉልበቱ ስንት ነው?»

«ሞተሩ 749 ሲሲ ነው፣ ጉልበቱ 41 የፈረስ ጉልበት አካባቢ። ክብደቱ ግን 330 ኪሎ ገደማ ነው።»

«አይሮጥም ማለት ነው?»

«አይሮጥም።»

«ግዛ።»

ኡራሉን ግን አልገዛሁም፤ ኪሴ የሚችለው ሌላ ሆነ። ያገኘሁት ተራ ሞተር ነው፤ ሳይድካሩ ቆይቶ በቀኝ ጎኑ የተገጠመበት። ስሙን አልጠራም፤ ሞተሩ ምንም አላጠፋም።

ሻጩ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ደንደን ያሉ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ደንደን ያሉ ስል በቀላሉ እንዳታዩት፤ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ወንበሩ አስተያየት ይሰጣል። እኔም እንደማንኛውም ገዢ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። ጎማ መምታት ለገዢው ምን እንደሚነግረው የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ግን ሳይመቱ መግዛት ነውር ይመስላል። ሳይድካሩ ከሞተሩ ጋር የተያያዘባቸውን አራት ቦታዎች አየሁ፤ ቡሎኖቹን በእጄ ነካካሁ፤ ብየዳው ላይ ስንጥቅ ፈለግሁ። ስለዚህ ነገር አንብቤ ነበርና ዓይኔ ስል ነበር። ጥፋት አገኘሁ ያልኩትም ወዲያው ነው።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ወደ ግራ ያጋደለ አልመሰለዎትም?»

«እንዲያ ነው የሚሆነው ልጄ።»

ይሄኔ በልቤ «ያዝኳቸው» አልኩ። በኋላ መካኒኩ እንዳስረዳኝ ከሆነ ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ትክክል የነበረው እሱ ብቻ ነው። ሞተሩ ከሳይድካሩ በተቃራኒ በጥቂቱ እንዲያጋድል ተደርጎ ነው የሚገጠመው፤ መንገዱና ክብደቱ ወደ ሳይድካሩ ስለሚስቡት።

«ልሞክረው?» አልኩ።

«ሞክረው እንጂ! ቆይ፣ መንገዱን ላሳይህ» ብለው ሳይድካሩ ውስጥ ገቡ። ሞላው ሲጨነቅ ተሰማኝ።

እንዴት ያለ ሞተር መሰላችሁ! መንገዱን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ይሄዳል። ትንሽ ወደ ቀኝ ይስባል፤ ሳነሳባቸው «መንገዱ ነው» አሉኝ። ቀስ እያልኩ ስለምነዳ በየመታጠፊያው ዝም ብሎ ይከተለኛል። ሰውዬው ከታች ሆነው ስለ ልጆቻቸው ያወሩኛል፣ እኔ ከላይ «እሺ ጋሼ» እላለሁ። ተመለስን፣ ተስማማን፣ ከፈልኩ። እሳቸው መርቀውኝ ወረዱ፤ ሲወርዱ ሳይድካሩ ተንፍሶ ከፍ አለ። ያኔ ልብ ያልኩት የረሱትን ትራስ ብቻ ነው። ትራሱን ልመልስ ስል «ለአንተ ይሁን፣ ምርቃት ነው» አሉኝ።

ስሞክረው የዚያ ሞተር ዋናው አካል ሻጩ ነበሩ። ሻጩ ግን በዋጋው ውስጥ አልተካተቱም።

አሁን ትንሽ ትምህርት ልስጣችሁ፣ የሆነውን ለመረዳት ያስፈልጋል። ሁለት ጎማ ላይ በደህና ፍጥነት እየሄድክ ወደ ቀኝ መታጠፍ ስትፈልግ፣ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ገፋ ታደርገዋለህ፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋድልና ይታጠፋል። ብዙ ሰው ይህን እያደረገ ማድረጉን አያውቅም፤ እጅ በራሱ ጊዜ ይለምደዋል። ሳይድካር ያለው ሞተር ግን አያጋድልም። መሪውን ወዳዞርክበት ነው የሚሄደው፣ ልክ እንደ መኪና። የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ገፋኸው ማለት መሪውን ወደ ግራ አዞርከው ማለት ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ሳይድካሩ በቀኝ ከሆነ ነዳጅ ስትሰጥ ሞተሩ ወደ ቀኝ ይስባል፤ ሞተሩ ሊቀድም ሲል ሳይድካሩ ወደ ኋላ ይጎትተዋልና። ነዳጅ ስትቀንስ ደግሞ ሳይድካሩ ወደ ፊት ልሂድ ይላል፣ አንተ ወደ ግራ ትሄዳለህ። በግራ በሚነዳበት አገር ሳይድካሩ በግራ ስለሚገጠም ይሄ ሁሉ ይገለበጣል።

ወደ ቤት እየሄድኩ ነው። ቀጥታው መንገድ ላይ ደረቴን ነፍቼ፣ ሰው ያየኛል፣ ሕፃናት እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። የመጀመሪያው የምር መታጠፊያ ወደ ቀኝ መጣ። እጄ የለመደውን አደረገ፤ የቀኙን እጀታ ገፋ። ሞተሩ ወደ ግራ ሄደ። «ኧረ ቀኝ!» ብዬ መሪውን በኃይል ወደ ቀኝ ሳብኩት። አሁን እሺ አለ፤ እሺ ሲል ግን ከአጠገቤ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ብድግ አለ። ዞር ብዬ ሳይ የሳይድካሩ ጎማ ነው። በክርኔ ትክክል፣ አየር ላይ፣ ረጋ ብሎ ይሽከረከራል፤ ቸርኬው ላይ የተለጠፈው ጭቃ ሳይቀር ይታየኛል። የሰውዬው ትራስ ተንሸራተተና ዓይኔ እያየ ወደ ውጭ ወደቀ።

እዚህ ጋ ደንገጥ ብሎ ነዳጅ የማይለቅ ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። ለቀቅሁት፤ መሪውንም ወደ ግራ መለስኩት። ጎማው ዷ ብሎ መሬት ወረደ፣ ሞተሩ ደግሞ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ግራ ነጎደ። ፈጣሪ ይመስገን ከፊት መኪና አልነበረም። የነበረው ሕንፃ የሚሠራበት ግቢና በሩ ላይ የተከመረ አሸዋ ነው። የፊት ጎማው እስከ ግማሽ ድረስ ገባ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ እኔ መቀመጫዬ ላይ እንዳለሁ ቀረሁ። አንድ ነገር ግን መመስከር አለብኝ፤ ባለቤቴ ትክክል ነበረች፣ ሞተሩ አልወደቀም።

የግቢው ጥበቃ ዱላውን ይዞ መጣ። ሞተሩን ዞረው፣ ባዶውን ሳይድካር አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ውስጥ ሰው የለም?»

«የለም።»

«ለዚህ ነዋ!» አለና ሁለት ጆንያ አምጥቶ አሸዋ ሞላልኝ። እኔ ያን ሁሉ ሌሊት ያነበብኩትን እሱ ቆሞ አይቶ ደረሰበት። ለካ ጀማሪዎች ሳይድካሩ ባዶ ሲሆን ክብደት ጭነው ነው የሚለማመዱት፤ ጽሑፉ ላይ አይቼው «ይሄ ለሌላ ሰው ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። ትራሱንም መንገድ ላይ አንስቶ አምጥቶልኛል።

መካኒኩ በማግስቱ ሁለት ቀጥ ያሉ የአሉሚኒየም ዘንጎች አመጣ። አንዱን ከሞተሩ ሁለት ጎማዎች ጎን፣ ሌላውን ከሳይድካሩ ጎማ ጎን አጋደመና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከፊትና ከኋላ ለካ። የፊቱ ከኋላው በአንድ ወይም በሁለት ሴንቲ ሜትር መጥበብ ነበረበት። የእኔ ሰፍቷል። «ወደ ቀኝ አይስብህም?» አለኝ። «መንገዱ ነው» አልኩት፣ አመል ሆኖብኝ። ሲያስተካክለው መሳቡ ለቀቀ።

ከዚያ ባለቤቴ የምትሳፈርበት ቀን ደረሰ። አሸዋው ይውረድ ወይስ ይቅር የሚለውን መወሰን ነበረብኝ። ጥያቄው የሂሳብ ነው፣ ስለዚህ በሂሳብ ጠየቅኋት።

«ስንት ኪሎ ነሽ?»

«ለምን?»

«ጆንያውን ላውርደው ወይ ብዬ።»

ዝርዝሩን እዚህ አልጽፍም። ብቻ በመጨረሻ እሷም ገባች፣ አንዱ ጆንያም እግሯ ሥር ቀረ፤ «ቢያንስ ከእኔ ጋር የሚስማማ ነገር አለ» ብላ እግሯን አሳረፈችበት። ብዙም አልራቅንም። ለካ ከዚያ ከታች የሚታየው የጭነት መኪና ጎማ ብቻ ነው፤ የሚሸተውም ጭሱ። ባዶ ሜዳ ስንደርስ «አቁም» አለች፣ አቆምኩ። «ውረድ፣ እኔ ልሞክረው።»

መኪና ስትነዳ ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለት ጎማ ላይ ግን ወጥታ አታውቅም። ስለዚህ የምትረሳው ልማድ የላትም። ክላቹን አሳየኋት፣ ሁለቴ አጠፋችው፣ ከዚያ ሄደች። ቀኝ ስትል ቀኝ፣ ግራ ስትል ግራ። እኔ ሜዳው መሃል ቆሜ ጆንያዬን ታቅፌ አያታለሁ። ፈቃዱን ለማውጣትም ጊዜ አልፈጀባትም።

አሁን ቦታ ተቀያይረናል። ከእሷ ስለምከብድ አሸዋው ወርዷል፤ ትራሱ ተመልሷል፣ የምቀመጥበት እኔ ነኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች ከላይ ሲያዩኝ ክብሬን ለመጠበቅ የማወራው አላጣሁም። የሳይድካር የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ አለ፤ ተሳፋሪው እየተንጠላጠለ ሚዛን የሚጠብቅ ነው፤ ሲያሸንፉም ሻምፒዮን የሚባሉት ሁለቱም ናቸው። ይህንኑ ትናንት ለባለቤቴ እየነዳች ሳለ በሰፊው አስረዳኋት። እስክጨርስ ታገሠችኝ።

«ጥሩ» አለች፣ «ቀኝ ልታጠፍ ነው፣ ዘንበል በል።»