«በረዶ ላይ ዱላ ይዘሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ላላችሁኝ የሐዋሳ ልጆች

ሐዋሳ ለዕረፍት ከመጣሁ ወዲህ ስለ ሥራዬና ስለ ጤናዬ ከጠየቀኝ ሰው ይልቅ ስለ አንድ ፎቶግራፍ የጠየቀኝ ይበልጣል። በፎቶው ላይ የራስ ቁር ደፍቼ፣ ፊቴን በሽቦ መከለያ ሸፍኜ፣ ረጅም ዱላ ይዤ በረዶ ላይ ቆሜያለሁ፤ በምኖርበት በካናዳ ሆኪ የተባለውን የበረዶ ላይ ጨዋታ ስጫወት የተነሣሁት ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ስንጠጣ አንዱ አብሮ አደጌ «እዚያ ድረስ የተሰደድሽው ለዚህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ፤ ሌላዋ «በዚያ ብርድ ቤትሽ ተቀምጠሽ ፊልም አታዪም?» አለችኝ። እናቴ ደግሞ ክንዴ ላይ የበለዘውን አይታ «ልጄን በሰው አገር ማን መታብኝ?» እያለች ስታዝን ሰነበተች። በጋውን ከተራራ ተራራ እንደምዞር የሰሙት ሰዎችም «ሰው ለእንጨት ወይም ለመሳለም ካልሆነ ተራራ ምን ሊያደርግ ይወጣል? ታቦርስ እዚሁ አልነበረም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው በፍቅር የተጠየቀ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ስደት ማለት ሥራና ገንዘብ ብቻ የሚመስለው ሰው በመካከላችን ብዙ ስለሆነ፣ በተለይም ጉዳዩን ጨርሶ ለመሄድ የሚጠባበቅ ወጣት በየቤቱ ስላለ፣ መልሴን በጽሑፍ ማድረግ መረጥሁ።

መጀመሪያ የኖርሁት ቶሮንቶ ነበር። ቶሮንቶ ለአበሻ አይከብድም፤ ዳንፎርዝ በሚባለው መንገድ እንጀራውም ቡናውም በአንድ ሰፈር ይገኛል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ሠርግ ወይም ክርስትና፣ በመካከሉም ለቅሶ መድረስ ስላለ ሰው ብቸኝነትን ሳያውቃት ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። ወደ ካልጋሪ የተዛወርሁት በሥራ ምክንያት ነው። ካልጋሪም አበሻ አለ፤ ነገር ግን እኔ የማውቀው አንድም ሰው አልነበረም፣ የምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያም ከከተማው ዳር ላይ ነው። በዚያ አገር ዲሴምበር ሲጋመስ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ትጠልቃለች። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቀናት አሉ፤ ቺኑክ የተባለው ከተራሮቹ የሚወርድ ሞቃት ነፋስ ሲነሣ ደግሞ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አየሩ ተለውጦ በረዶው ከየጣሪያው ይንጠባጠባል፣ ብርዱ ሲመለስም የቀለጠው ሁሉ መልሶ ይጋገርና መንገዱ መስተዋት ይሆናል። በጨለማ ሥራ ገብቼ በጨለማ እወጣ ነበር። ሐዋሳ ሳለሁ ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር ስሄድ ስንት ሰው አስቁሞ ሰላም እንደሚለኝ ታውቃላችሁ፤ ካልጋሪ ግን ከሥራ ውጭ ስሜን የሚጠራ ድምፅ ሳልሰማ ሳምንቱ ያልፍ ነበር። ይህን ለቤተሰቤ በስልክ ተናግሬ አላውቅም፤ ገንዘብ ለሚላክለት ሰው «ብቸኝነት ገደለኝ» ቢሉት ጥጋብ ይመስለዋል።

አንዲት ካናዳዊት ባልደረባዬ «ጀማሪ ሴቶች የምንጫወትበት የሆኪ ቡድን አለን፣ ለምን አትመጪም?» ስትለኝ ሳላመነታ እሺ ያልሁት ስለዚህ ነው። ሆኪ የፈረንጅ ገና ጨዋታ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሜዳው በረዶ መሆኑ፣ በጥንጉ ፋንታ ፓክ የተባለ 170 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠፍጣፋ ጠንካራ ጎማ መኖሩና ተጫዋቹ ከጫማው ሥር በተገጠመ ቀጭን ብረት ላይ መቆሙ ነው። በአንድ ጊዜ ከየቡድኑ ስድስት ሰው በረዶው ላይ ይሆናል፤ ሩጫው ቶሎ ስለሚያደክም አንዷ ደቂቃ ሳይሞላት ወጥታ ሌላዋ ትተካታለች። እንደ እኛ ባለው የመዝናኛ ጨዋታ ሰውን በትከሻ መትቶ መጣል ክልክል ነው። እናቴ ይህንን መሥመር ደጋግማ እንድታነብልኝ እለምናለሁ፤ ክንዴ የበለዘው ወድቄ እንጂ ተመትቼ አይደለም።

አመቺውን ሰዓት የልጆች ቡድኖች ስለሚይዙት ለጀማሪ ጎልማሶች ሜዳው የሚደርሰን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። የመልበሻ ክፍሉ በላብ ርሶ የደረቀ ጓንት ይሸታል። ባልደረባዬ ተንበርክካ የጫማዬን ማሰሪያ ከጣቶቼ ጀምራ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በላይ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ቆም እያለች፣ እግሬ እስኪደነዝዝ ድረስ ጠፈረችልኝ፤ ማሰሪያው ከላላ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል አለችኝ። በረዶው ላይ እግሬን እንዳሳረፍሁ ያ ዘመኔን ሁሉ ያገለገለኝ እግር እኔን መታዘዝ ተወ። ጥቂት ተንገዳግጄ በጀርባዬ ወደቅሁ፤ ጭንቅላቴ ከነቁሩ በረዶውን መታው፣ ትንፋሼም ለአፍታ ተቋረጠ። በጉልበቴ ሆኜ፣ አንድ እግሬን አስቀድሜ፣ በዱላዬ ተደግፌ ቀና ማለት ስጀምር፣ በሜዳው ላይ ያሉት ሁሉ፣ የእኛዎቹም ተጋጣሚዎቻችንም፣ ዱላቸውን በረዶው ላይ ይደበድቡ ጀመር። ተራ የሚጠብቁት ተቀያሪዎች ደግሞ የሜዳውን ግድግዳ ይመታሉ። አዳራሹ ተመልካች ስላልነበረው ድምፁ ከጣሪያው እየተመለሰ እጥፍ ሆኖ ይሰማ ነበር።

እኔ ያደግሁት ሰው ሲወድቅ «እኔን!» በሚባልበት አገር ነው። ዱላ መሬት ላይ የሚደበደበው ከብት ሲነዳ ወይም ውሻ ሲባረር ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ቆሞ መሄድ ያቃተኝም እኔ ብቻ ነበርሁ። በየሰው አልጋ አጠገብ ቆሜ ሕሙማን ያስታመምሁ፣ በሐዋሳ በነርስነቴ የተከበርሁ ሴት፣ በእኩለ ሌሊት በባዕድ አገር እንደ እንስሳ ሲደበደብብኝ የተሰማኝን ውርደት የደረሰበት ያውቀዋል። የሽቦው መከለያ እንባዬን ሸፈነልኝ። ጨዋታው እስኪያልቅ ግድግዳውን ይዤ ቆምሁ፤ ቤቴ ገብቼም እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ባልደረባዬን «ምን በድያችሁ ነው እንደዚያ የደበደባችሁብኝ?» ብዬ ጠየቅኋት። ደንግጣ እጄን ያዘች። በሆኪ ዱላን በረዶ ላይ መምታት ጭብጨባ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ተጫዋቹ እጁ በወፍራም ጓንት ውስጥ ሆኖ ዱላ ስለያዘ ማጨብጨብ አይችልም፤ ስለዚህ የተጎዳ ሰው ከወደቀበት ሲነሣ ወዳጅም ተጋጣሚም በዱላው ያከብረዋል። ለካ ያ ሁሉ ሰው ያከብረኝ ኖሯል። ቅሬታዬ ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ካናዳውያን ሆኪን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁት የማያውቀው ሰው በምድር ላይ ያለ አይመስላቸውም። ለእንግዳ ጫማ ያውሱታል፣ ዱላ ያውሱታል፣ ማሰሪያውን ተንበርክከው ያስሩለታል፤ «ይህን ድምፅ ብትሰሚ እንዳትደነግጪ» የሚል አንድ ሰው ግን ከመካከላቸው አይገኝም። እኛም በዚህ ከእነርሱ አንሻልም፤ ፈረንጅ ቤታችን ሲመጣ ሳንነግረው ጉርሻ ወደ አፉ እንልካለን፣ እርሱም ጨንቆት አፉን ሲከፍት ደስ ያለው መስሎን እንደግመዋለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ሄድሁ፤ እስከ ዛሬም እጫወታለሁ። አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት በዚያ መልበሻ ክፍል ውስጥ በትክክል ይሠራል። በአጠገቤ የምትቀመጠው የጥርስ ሐኪም ናት፣ ከእርሷ ቀጥላ ያለችው የአውቶቡስ ሾፌር ናት፣ ግብ ጠባቂያችን ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ በረዶው ላይ ግን ማንም የማንም አለቃ አይደለም። የነርስነት ማስረጃዬ እንደገና ተመርምሮ፣ እንደገና ፈተና ተቀምጬ ፈቃድ እስካገኝ ድረስ በሥራ ቦታዬ ረዳት ነበርሁ። በዚያ ሜዳ ግን ፓኩ ወደ እኔ ሲመጣ ከኋላዬም ከጎኔም ስሜ ሲጠራ እሰማለሁ። ከሥራ ውጭ ስሜን የሚጠራ ያጣሁ ሰው መሆኔን አስታውሱና ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱት።

«ጥቁርን ከበረዶ ምን አገናኘው?» ላላችሁኝም መልስ አለኝ። ካናዳዊው ዊሊ ኦሪ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ለቦስተን ብሩንስ ተሰልፎ በሰሜን አሜሪካ ታላቁ የሆኪ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኗል፤ በዚያን ጊዜ ቀኝ ዓይኑ በፓክ ተመትቶ የማያይ ነበር፣ ይህንንም ደብቆ ነው የተጫወተው። የካልጋሪ ፍሌምስ ቡድን ለብዙ ዓመታት አምበል የነበረው ጃሮም ኢጊንላ አባቱ ናይጄሪያዊ ነው፤ በ2002ቱ የሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሊምፒክ ከካናዳ ጋር ወርቅ አግኝቷል። የእኛው ሮቤል ተክለማርያም ደግሞ በ2006 ቱሪን ላይ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሏል። ስለዚህ በረዶው የእኛ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር እነዚህን ስሞች ንገሩት።

ወደ ተራራው ልመለስ። በረዶው ሲቀልጥ የቡድኑ ልጆች ከካልጋሪ በስተ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ካንሞር ይዘውኝ ሄዱ። በመኪና ውስጥ «ከፍታው ያሳምምሽ ይሆን?» እያሉ ተጨነቁልኝ። ካልጋሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,045 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። የተወለድሁት ከእነርሱ ከተማ በላይ መሆኑን ስነግራቸው ዝም አሉ፣ ከዚያም ወዲያው «እንግዲያው ሯጭ ነሻ!» አሉ። ኢትዮጵያዊ ሁሉ የኃይሌ ወንድም ወይም የጥሩነሽ እኅት የሚመስላቸው ነገር እዚያ አገር መድኃኒት አልተገኘለትም። የሆነ ሆኖ ያን ቀን ዳገቱን ከፊት ሆኜ ወጣሁት፤ በበረዶው ላይ ስወድቅ ያዩኝ ሁሉ ከኋላዬ ሲያለከልኩ በማየቴ ልቤ ሞላ፤ ይህንንም አልደብቅም።

የተራራው ስም ሃ ሊንግ ነው፤ ጫፉ 2,407 ሜትር ሲሆን ከእንጦጦ እንኳ ያንሳል። የስሙ ታሪክ ግን ከቁመቱ ይበልጣል። ሃ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1896 በዚያች ከተማ ምግብ አብሳይ የነበረ ቻይናዊ ስደተኛ ነው። ወደ ተራራው ጫፍ ወጥቶ ባንዲራ ተክሎ በ10 ሰዓት ውስጥ አይመለስም ተብሎ 50 ዶላር ተወራረዱት። ጠዋት ወጥቶ ለምሳ ደረሰ። ማንም አላመነውም፤ ስለዚህ ተጠራጣሪዎቹን አስከትሎ፣ የበለጠ ትልቅ ባንዲራ ይዞ እንደገና ወጣ። ካናዳ በ1885 ባወጣችው ሕግ ቻይናዊ ወደ አገሩ ሲገባ የሚከፍለው የነፍስ ወከፍ ቀረጥ ያው 50 ዶላር ነበር። ተራራው ለብዙ ዘመን በቻይናውያን ላይ የስድብ ያህል በሚቆጠር ስም ሲጠራ ኖሮ በሰውየው ስም የተጠራው በ1997 ነው። ይህን ስሰማ አንድ ጊዜ ሐዋሳ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ካናዳ ላይ የተፈተንሁበትን ሙያዬን አሰብሁ። ስደተኛ ያንኑ ዳገት ሁለት ጊዜ እንዲወጣ ይጠየቃል።

ጫፍ ላይ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም የየራሱን ሳንድዊች አወጣ፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረና ለብቻው በላ። ቂጣ በቅቤና በሚጥሚጣ፣ ዳቦ ቆሎም ለስድስት ሰው የሚበቃ ይዤ ነበር፤ ዞሬ ብለምናቸው «አመሰግናለሁ፣ የራሴ አለኝ» አሉኝ። በመጀመሪያ ከፋኝ። ሲውል ሲያድር ግን ዳቦ ቆሎዬን እየፈለጉ ይጠይቁኝ ጀመር፤ አሁን ሳልይዝ ብሄድ ይቀየሙኛል። ለቤንዚኑ ግን እስከ ዛሬ ቤቴ ሳልገባ ድርሻዬ ከነሳንቲሙ ተሰልቶ በስልኬ ይመጣል፣ ይህንን ልምዴ ማድረግ አልቻልሁም፤ የጠራ ሰው ይከፍላል በሚባልበት ቤት ነው ያደግሁት።

ጉዳያችሁን ጨርሳችሁ ለምትጠባበቁ ልጆች የምለው ይህ ነው። ስለ ካፖርት አትጨነቁ፣ እዚያ ትገዙታላችሁ። የምትጨነቁበት ነገር ካለ ከሥራ መልስ ያለው ምሽት ይሁን፤ ሁለት ሥራ ደርቦ መሥራት ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም፣ በዚህ የታመሙ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ። ከአበሻ ጋር መሆን መልካም ነው፤ በአበሻ ብቻ መታጠር ግን በየወሩ ስለ አገር ቤት ወሬ እየተጣሉ መኖር ይሆናል። ሆኪ ርካሽ ጨዋታ አይደለም፣ ሙሉ መከላከያው አዲስ ከተገዛ ከሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ፈልጉ፣ የራስ ቁርና የፊት መከለያ ላይ ግን አትቆጥቡ፣ የጥርስ ሕክምና እዚያ እሳት ነው። ለጊዜው ገንዘብ ከሌላችሁ በየሰፈሩ የማኅበረሰብ ማኅበራት በክረምት ውኃ አፍስሰው የሚያዘጋጁት የደጅ በረዶ ሜዳ አለ፤ መግቢያ አይከፈልበትም፣ የሚያስፈልገው ጫማ ብቻ ነው። ተራራ ስትወጡ ለብቻችሁ አትሂዱ፣ ድብ አለና እያወራችሁ ተጓዙ፣ ድብ የሚያባርረውን የሚረጭ በርበሬ እጃችሁ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ አንጠልጥሉት እንጂ ቦርሳ ውስጥ አትቅበሩት። ይህን ሁሉ የምታደርጉት በመጀመሪያው መኸር፣ በረዶው ሳይጥልና ጨለማው ሳይረዝም ይሁን፤ ክረምቱ ከገባ በኋላ ከቤት የሚያወጣ ጉልበት ማግኘት ይከብዳል።