ሩብ ሰዓቷን የሚበላት

በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥር ባሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዕለቱ የጋራ አምልኮ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ይህችን ሩብ ሰዓት ስለሚበሏት ነገሮች ነው።

ዋናው በላተኛ ማስታወቂያ ነው፤ የጠፋ ሹራብ፣ የኳስ ውጤት፣ ልደት፣ የምስጋና ወረቀት። ሁሉም ተገቢ ነው፤ ግን አምልኮው ሲጀመር የሚለኮሰው ሻማ ከመለኮሱ በፊት ይለቅ ወይም ሻማው ከጠፋ በኋላ ይምጣ። መሃል ከገባ ልጆቹ ጸሎቱንም እንደ ማስታወቂያ ይሰሙታል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ሥርዓቱን በአራት ይከፍሉታል፦ መሰብሰብ፣ ቃሉን መስማት፣ ምላሽ መስጠት፣ መሰናበት። ጊዜ ሲያጥር የሚቆረጠው ምላሹ ነው። እኔ ብሆን ስብከቱን እቆርጣለሁ፤ አንድ ታሪክና አንድ ጥያቄ በ5 ደቂቃ ይበቃል። ከጥያቄው በኋላ 30 ሰከንድ ዝምታ ይሰጥ። ትልልቆቹ ናቸው በ10ኛው ሰከንድ የሚጨነቁት፤ ልጆቹማ ይችሉታል። ግድግዳ ተደግፎ ደብተር የሚያርም መምህር ካለ ግን ዝምታው አይሠራም፤ ልጆች የሚያዩት እሱን ነው።

ልጆቹ ወደ አዳራሹ የሚገቡበት መንገድም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ትንንሾቹ ከፊት ወለል ላይ ይቀመጣሉ፤ ቀድመው ከገቡ ግን ሌላውን ሲጠብቁ ትዕግሥታቸው ያልቃል። የፊቱ ቦታ ክፍት ይተውላቸውና መጨረሻ ይግቡ። ሻማው፣ አንዳንድ ቦታ ለሥላሴ ሦስት ነው፣ ከመጋረጃና ከነፋስ ይራቅ፣ አዋቂ ይለኩሰው። ሲጠፋ በክዳን ማፈን ይሻላል፤ እፍ ከተባለ ጭሱ ከፊት ላሉት ይደርሳል፣ ሳሉም ሳቁም ይጀምራል። የሻማው ጠረጴዛ ጨርቅ የቤተ ክርስቲያኑን ዘመን ይከተላል፤ ለጾም ሐምራዊ፣ ለገናና ለትንሣኤ ነጭ፣ ለጰራቅሊጦስ ቀይ፣ በአብዛኛው ሌላ ጊዜ አረንጓዴ። የእኛ ገና በጃንዋሪ መጀመሪያ ሲውል ነጩ ጨርቅ ከጠረጴዛው ስላልተነሣ፣ የኢትዮጵያውያን ልጆች ባሉበት በዓሉን በጸሎት ማንሣት ምንም አይከብድም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የጸሎቱ ግብዣ ነው። «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እጃችሁን አጣምሩ» ትእዛዝ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሙስሊም፣ ሂንዱ፣ ሃይማኖት የሌለውም ቤተሰብ ልጅ አለ። «አሁን ልጸልይ ነው፤ ጸሎቱ የእናንተም እንዲሆን ከፈለጋችሁ በመጨረሻ አሜን በሉ፤ ካልፈለጋችሁ በጸጥታ አስቡ» ማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። የእንግሊዝ የ1944 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ሕግ ቀኑ መላው ትምህርት ቤት በአንድነት በሚያደርገው አምልኮ እንዲጀመር ያዝዝ ነበር፤ የ1988ቱ ሰዓቱን ነጻ አደረገው፣ በክፍል በክፍል ማድረግንም ፈቀደ። ወላጅ ግን ያኔም ዛሬም ልጁን ከአምልኮው ማውጣት ይችላል፤ ምክንያቱን እንዲናገር አይገደድም፣ ልጁን የመጠበቅ ኃላፊነቱም የትምህርት ቤቱ ነው። እንግዳ ወላጆች ይህን በምዝገባ ቀን፣ በሚገባቸው ቋንቋ ቢሰሙት ጥሩ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪውም ጭምር።

መሰናበቻው «ጌታን ለመውደድና ለማገልገል በሰላም ሂዱ» ዓይነት አጭር ቃል ነው፤ ልጆቹ «በክርስቶስ ስም፣ አሜን» ይላሉ። ወዲያው «ሰልፍ! ዝም በሉ!» ከተከተለ ግን ያ ሁሉ ልፋት በር ላይ ይቀራል። መዝሙር ይከፈት፣ ትንንሾቹ ቀድመው ይውጡ፣ የሰልፉን ነገር መምህራን በእጅ ምልክት ይጨርሱት።