ለወንዝ ዋጋ ሊያወጣ የፈለገ ደብዳቤውን ይከተል

ስድስት ኪሎ ኢኮኖሚክስ ተምሬ ስጨርስ ቤተሰቦቼ ባንክ እንድገባ ነበር የጠበቁት። እኔ ወደ አካባቢ ኢኮኖሚክስ ሄድኩ፤ ንጹሕ ወንዝ ወይም ደን ለሰው ስንት እንደሚያወጣ የሚያሰላ ሙያ ነው። ማስተርሱ፣ ማመልከቻው፣ ቃለ መጠይቁ እንደማንኛውም ሥራ ነው። በ2004 ዓ.ም. አገሪቱ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ይፋ ካደረገች ወዲህ ለእኛ ዓይነቱ ባለሙያም በር ተከፍቷል። አንጀቴን ያሳረረው ደብዳቤ ነው። ስለሱ ማንም አልነገረኝም።

የመጀመሪያ ጥናቴ የቀበና ወንዝ ዳር ነዋሪዎችን የሚጠይቅ ነበር፦ ወንዙ እንዲጸዳ በየወሩ በውሃ ሂሳባችሁ ላይ ስንት ብር ትጨምራላችሁ? ቀበና ከእንጦጦ ይነሳና ትልቁ አቃቂ ገብቶ አዋሽ ይደርሳል። አቃቂ ዳር አትክልት የሚለማው በዚያ ውሃ ነው፤ ጎመኑ ተመልሶ እኛው ገበያ ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም።

ለመጠየቅ ግን ከአንድ መሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ማመልከቻዬን መዝገብ ቤት አስገባሁ። ቁጥር ሰጡኝ፤ «እንደውላለን» አሉኝ። ማን ሊደውል! ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ሲገኙ «ለባለሙያ መርቼዋለሁ» አሉ። ባለሙያዋ «እኔ ጋ አልደረሰም» አለችኝ። ወረቀቱ በመጨረሻ ከፋይል ክምር ሥር ተገኘ፤ የኃላፊው ፊርማ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ማኅተም አርፎበታል። የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም የምትይዘው ደግሞ የዓመት ፈቃድ ወጥታለች።

በበጋ ያሰብኩት መጠይቅ ክረምት ገባበት። በበጋ ሰው የሚያማርረው ሽታውን ነው። በክረምት «ሽታውን ተወው፣ ጎርፉን አቁሙልን» ይላል። መልሱ ሌላ ሆነ።

ደንቡ «አስገብታችሁ ጠብቁ» ይላል። አትጠብቁ። ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» አስፈርሙና ወረቀቱን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ተከተሉት። ጠዋት፣ ሰው ለሻይ ሳይወጣ ሂዱ። ሰኔን እርሱት፤ በጀት መዝጊያ ነው።

ሌላም አለ። አንዲት እናት «እማማ፣ ስንት ይከፍላሉ?» ስላቸው «ልጄ፣ እኔ መቼ አቆሸሽኩት? ያቆሸሸው ይክፈል» አሉኝ። ሙያው ይህን የተቃውሞ ዜሮ ይለዋል፤ ሰውዬው ምንም አልከፍልም የሚለው የወንዙን መጽዳት ጠልቶ ሳይሆን ክፍያውን ተቃውሞ ነው ማለት ነው፤ ብዙዎች ከስሌቱ ያወጡታል። እኔ እንዲህ ያሉትን መልሶች ለብቻ ሠንጠረዥ አውጥቼ ሪፖርቱ ውስጥ አስገባኋቸው። አለቃዬ አልወደደውም። እኔም ከሪፖርቱ አላወጣሁትም።