«የጻፍሽው እውነት ነው ወይ?»

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከአገር ቤት ደወለችልኝና ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እታለም፣ እናንተ ጋ በወር አሥራ አምስት ኪሎ የሚያስቀንስ መድኃኒት አለ አሉ፤ ሰርጌ ሳይደርስ በሰው ላኪልኝ» አለችኝ። አያይዛም፣ «ፎቶሽን አይቼዋለሁ፤ ቀጥነሻል፤ አንቺም እሱን ነው የወሰድሽው አይደል?» ስትል ጠየቀችኝ። ወዲያው ልመልስላት አልቻልኩም። ዝምታዬን እንደ ንፍገት እንደ ቆጠረችው ከድምፅዋ ተረድቻለሁ። እኔ ግን ዝም ያልኩት፣ በፎቶው ላይ ያየቻት ሴት ዘጠኝ ኪሎ ለመቀነስ አሥራ አራት ወር እንደ ፈጀባት፣ ከእነዚያ ወራትም አንዷን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴ እንደሚግል በስልክ እንዴት እንደምነግራት ስለ ጠፋኝ ነው። ስለዚህ ልጽፍላት ወሰንኩ፤ ወደ ውጭ ለመውጣት የሚሰናዱ ሌሎች እህቶችም ያነቡታል ብዬ አምናለሁ።

ወደዚህ አገር ስመጣ ቀጭን ነበርኩ። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሲሆን ፈረቃዬ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ስደት ሰውን ያከሳል ብለው የሚያስቡ ሰዎች፣ ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ቀኑን በተቆራረጠ እንቅልፍ የሚያሳልፍ ሰውነት ምን እንደሚሆን አያውቁም። እንቅልፍ ባጣ ሰው ላይ ርሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን እንደሚጨምር፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን ደግሞ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ እኔ ግን ይህን ሳላውቅ በስድስት ዓመት ውስጥ ሃያ አምስት ኪሎ ጨመርኩ። አገር ቤት ያሉት ፎቶዬን እያዩ «ተመችቶሻል» ይሉኛል፤ የሰውን አካል እንደ ሰፈር ወሬ በግልጽ ማንሳት አይከብዳቸውም። እዚህ ያሉት ደግሞ ስለ ሰው አካል አንዲት ቃል አይተነፍሱም፤ ሁሉንም ነገር ለቁጥርና ለቅጽ ትተውታል። የፊተኞቹ ያስከፉኛል፣ የኋለኞቹ ያስፈሩኛል፤ ከሁለቱም ወገን ግን «እንቅልፍ ታገኛለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

በመጨረሻ የደም ምርመራ ሳደርግ ስኳሬ ከጤነኛው መጠን አልፎ፣ በሽታ ከሚባለው ደረጃ ግን ገና ሳይደርስ ተገኘ፤ ሐኪሙም ወደ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ላከኝ። ክብደቴ 92 ኪሎ ነበር። ባለሙያዋ የምበላውንና የምጠጣውን ሁሉ የምጽፍበት ደብተር ሰጠችኝ፤ እኔም እንደ ታዘዝኩት አንድም ሳልደብቅ ጻፍኩ። ልጄ ከሳህኗ ላይ ያስተረፈችውን ሁለት ማንኪያ ብቀምስ እንኳ ጽፌዋለሁ። በሁለት ሳምንት 89 ኪሎ ስገባ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ በዚሁ ፍጥነት በዓመቱ መጨረሻ የት እንደምደርስ ሁሉ አስልቼ ጨርሼ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት ግን ሚዛኑ 89፣ 89.4፣ 88.8፣ 89.3 እያለ እዚያው ይመላለስ ጀመር። የምበላው አልጨመረም፤ የምሄደው መንገድ አልቀነሰም።

የቀጠሮዬ ቀን ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ሳልተኛ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። የአገሩን ቋንቋ ለሥራ ያህል እንጂ ለክርክር የሚበቃ አልያዝኩም ነበርና አስተርጓሚዬ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ነበረች። ሚዛኑ ላይ ስወጣ 90.2 አለ። ባለሙያዋ ቁጥሩን አየች፣ ደብተሬን ገለጠች፣ ደግሞ ቁጥሩን አየች፤ ከዚያም ወደ ልጄ ዞራ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ልጄ ዝም አለች። ሁሉን ነገር ቶሎ ቶሎ የምትተረጉም ልጅ ናትና ዝምታዋ አስደነገጠኝ። ቆይታ፣ ጫማዋን እያየች፣ «እማዬ፣ የጻፍሽው እውነት ነው ወይ ትልሻለች» አለችኝ።

ትርጉሙ እንኳ አላስፈለገኝም ነበር። በዚህ አገር ቋንቋ አስቀድሜ ካወቅኳቸው ቃላት አንዱ «እውነት» የሚለው ነው፤ የተማርኩትም የጥገኝነት ጥያቄዬ በተመረመረበት ክፍል ውስጥ፣ ሕይወቴን በሙሉ እየተናገርኩ በየመሐሉ ያው ቃል ሲደጋገምብኝ ነው። ዓመታት አልፈው፣ መኖሪያ ፈቃድም አግኝቼ፣ አሁን ስለ በላሁት ምግብ ያ ቃል ተመልሶ መጣ። «እውነት ነው በያት» አልኩ፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ልጄ እኔ ካልኩት በጣም የረዘመ ነገር በፍጥነት ተናገረች፤ ሴትየዋም ምንም ሳትመልስ ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች። ምን እንዳለቻት ስጠይቃት «ያልሽውን ነው» አለችኝ። መጠርጠሬ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ጥርጣሬው በልጄ አፍ በኩል ወደ እኔ መምጣቱን ነው፤ እናትን «ትዋሻለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅን የመሰለ ሸክም ለአንዲት ሕፃን ያሸከምኳት እኔ መሆኔን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን ተውኩት። በንዴት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየበላሁ አምስት ቀን ቆየሁ፤ በአምስተኛው ሌሊት አንዲት አሮጊት ከአልጋ ሳነሣ ዓይኔ ጨለመብኝና ግድግዳ ይዤ ተረፍኩ። እኔም እሷም ልንወድቅ እንችል ነበር። አብራኝ የምትሠራ ነርስ፣ እሷም እንደኔ ከሩቅ አገር የመጣች ሴት፣ አስቀምጣኝ ምን እንደ ሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ብዕርና ወረቀት አወጣች።

በመጀመሪያ ያስረዳችኝ ስለዚያ አስደሳች ሦስት ኪሎ ነበር። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ስንቅ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ሰው ምግቡን ሲቀንስ አስቀድሞ የሚያልቀው ይህ ስንቅ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወርደው ክብደት አብዛኛው ውኃ ነው። ቀጥላም ስለ ቆመው ሚዛን አሰላችልኝ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል፤ ሰው በቀን 300 ካሎሪ ቢያጎድል አንድ ኪሎ ስብ ለማቅለጥ ሃያ ስድስት ቀን ገደማ ይወስድበታል። ጨው የበዛበት ምግብ፣ የወር አበባ መቃረብ፣ የሆድ ድርቀት ወይም ሌሊቱን ሙሉ በእግር መቆም ደግሞ በአንድ ቀን ልዩነት ብቻ ክብደትን ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ከፍና ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። እኔ የተመዘንኩት አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ አድሬ፣ እግሬ አብጦ፣ የሥራ ልብሴንና ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር። የአንድ ወር ድካሜ በአንድ ሌሊት ውኃ ሥር ተደብቆ ነበር ማለት ነው።

ያች ነርስ በዚያ ሌሊት የነገረችኝ ባለሙያዋ በስድስት ሳምንት ውስጥ ልትነግረኝ የሚገባትን ነበር። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህን ነው፤ ከእንቅልፌ እንደ ተነሣሁ፣ ሽንት ቤት ደርሼ፣ ምንም ሳልቀምስ እመዘናለሁ፤ የዕለቱን ቁጥር ግን አላምነውም። የሰባቱን ቀን ደምሬ ለሰባት አካፍልና፣ አማካዩን ከአራት ሳምንት በፊት ከነበረው አማካይ ጋር አስተያያለሁ። በአራት ሳምንት ልዩነት የማስተያየው የወር አበባ ዑደት የሚያመጣው ልዩነት እንዳያታልለኝ ነው። ወገቤንም በልብስ ሰፊ ሜትር በወር አንድ ጊዜ እለካለሁ፤ ሚዛኑ ቆመ ባልኩበት በዚያው ወር ወገቤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀንሶ እንደ ነበር ያወቅኩት የቀሚሴ ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ሲያልፍ ነው።

ሰው ከተዋረደ በኋላ ማንበብ ይወዳልና እኔም ብዙ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1958 ማክስ ዊሽኖፍስኪ የተባለ ሐኪም ባወጣው ስሌት መሠረት፣ 3,500 ካሎሪ ያጎደለ ሰው ሁልጊዜ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ክብደት ይቀንሳል ተብሎ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ እንዳሳዩት ግን፣ ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ የሚያቃጥለውም ስለሚቀንስ ስሌቱ ቀጥ ብሎ አይዘልቅም፤ አንድ ሰው በአመጋገቡ ላይ ካደረገው ቋሚ ለውጥ የሚመጣው የክብደት ለውጥ ግማሹ የሚታየው በአንድ ዓመት ገደማ፣ ዘጠና አምስት በመቶው ደግሞ በሦስት ዓመት ገደማ ነው። ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈስኩ። ስንፍና ብዬ ስከስሰው የኖርኩት ዝግታ የሥጋ የራሱ አካሄድ ነበር። አንሰል ኪስ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንታት ከሚያስፈልጋቸው በታች ሲመግብ፣ ምግባቸው እየተመዘነ የሚሰጣቸው እነዚያ ሰዎች እንኳ እግራቸው በውኃ አብጦ ነበር። 

እዚህ ላይ ለማጽናናት ሲባል የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ ቀስ ብሎ የቀነሰ አይመለስም ይባላል። እኔም ለሰው ነግሬያለሁ፤ አሁን ግን አልናገረውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት በ12 ሳምንት በፍጥነት የቀነሱትንና በ36 ሳምንት በዝግታ የቀነሱትን ሦስት ዓመት ያህል ሲከታተል፣ ሁለቱም ወገኖች ከቀነሱት ሰባ በመቶ ገደማውን መልሰው ጨምረውታል። ስለዚህ ታገሡ የምለው ዝግታ በራሱ ስለሚያድን አይደለም። የሚያዋጣው ከምንኖረው ሕይወት ጋር፣ ከሌሊት ፈረቃውም ጋር አብሮ ሊዘልቅ የሚችል ለውጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ለውጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ውጤቱም ዘግይቶ ይታያል።

ሌላም ማንም ያልነገረኝ ነገር ነበር። ግቤ እኔ ያሰብኩትን ያህል ሩቅ አልነበረም። በአሜሪካ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት፣ እንደኔ በአፋፉ ላይ ያሉ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ግብ ሲሰጣቸው ወደ በሽታው የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የ92 ኪሎ ሴት 7 በመቶ ስድስት ኪሎ ተኩል አይሞላም። እኔ ሃያ አምስቱ ካልወረደ ዋጋ የለውም ብዬ ራሴን ስቀጣ ከርሜ፣ በአሥረኛው ወር 85.5 ስደርስ የደም ምርመራዬ ወደ ጤነኛው መጠን ተመልሶ ነበር።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። እህቴ፣ በወር አሥራ አምስት ኪሎ የሚያስቀንስ መድኃኒት እዚህም የለም። ዛሬ ስሙ የገነነው ሴማግሉታይድ የተባለው በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መርፌ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት ሰዎች ከክብደታቸው በአማካይ 15 በመቶ ያህል የቀነሱበት በ68 ሳምንት ነው። ሲቡትራሚን የተባለው የምግብ ፍላጎት መቀነሻ በልብና በአንጎል ላይ በሚያመጣው አደጋ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላም ከዕፅዋት ብቻ ተሠሩ እየተባሉ በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ሳይገለጽ ተቀላቅሎ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። በፍጥነት መክሳት ደግሞ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። ለሰርግሽ እንዲህ ያለ ነገር በሻንጣ አልልክልሽም፤ ንፉግ ብትዪኝም እቀበላለሁ።

ልትመጡ ለምትሰናዱ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እነግራችኋለሁ፤ ልጆቻችሁን በሐኪም ፊት አስተርጓሚ አታድርጓቸው። በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ለጠየቀ ሰው በሙያው የሠለጠነ አስተርጓሚ፣ አንዳንዴም በስልክ፣ ያቀርባሉ፤ እኛ ግን ሰው ላለማስቸገር ብለን ወይም መኖሩን ሳናውቅ ልጆቻችንን እንጎትታለን። በተጨማሪም ክብደታችሁ በአማካይ ስሌት ለሁለትና ለሦስት ወር ምንም ካልተነቃነቀ ራሳችሁን ከመክሰሳችሁ በፊት የታይሮይድ እጢያችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሐኪም እንዲያይላችሁ ጠይቁ፤ ኢንሱሊን፣ ስቴሮይድና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ልጄን ያን ቀን ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኳት። አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ታስታውሳለች። «ያን ዕለት ያልሽውን ነው ብዬሽ ነበር እንጂ እኔ የጨመርኩት ነበር» አለችኝ። ምን እንደ ጨመረች ስጠይቃት፣ «ከእኔ ሳህን የተረፈውን ሁለት ማንኪያ እንኳ ትጽፋለች፣ ገልጠሽ እዪው አልኳት» አለች፤ ቀጥላም ደብተሩ አሁን የት እንዳለ ጠየቀችኝ።