«ዱዝ ኧር» የተባለው 12 ሰዓት

ጅማ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ቡና ለማየት የመጡ ፈረንሳዊ እንግዳ ማታ ቁልፋቸውን ሲቀበሉ መቀበያ ላይ ያለችውን ሠራተኛ «አ ኬል ኧር ኤስ ኮን ፓር?» አሏት። በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው ማለታቸው ነው፤ እንግሊዝኛው «ዋት ታይም ዱ ዊ ሊቭ?» ይሆናል። ጥያቄው በደንብ ገብቷታል። ወደ አጋሮ የሚወስዳቸው መኪና የተቀጠረው ለጠዋቱ 12 ሰዓት ስለነበር «አ ዱዝ ኧር» ብላ መለሰች። ዱዝ አሥራ ሁለት ነው፤ ቁጥሩን አልሳተችም።

በማግስቱ ሹፌሩ ግቢ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆመ። «እህቴ፣ ሰውዬው አልወረዱም እንዴ?» እያለ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ፣ ሌላ ሥራ ስለነበረው ሄደ። እንግዳው ተኝተዋል። ለእሳቸው ዱዝ ኧር እኩለ ቀን ነው፣ እኛ 6 ሰዓት የምንለው።

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ተነሥተን ነው፤ እነሱ ከእኩለ ሌሊት። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 12 ባለው ላይ 6 ይደመራል፤ የጠዋቱ 12 ግን 6 ይቀነስለትና «ሲዝ ኧር» ይባላል። ከቀኑ 8 ሰዓት 14 ይሆናል፦ «ካቶርዝ ኧር»። ይህንኑ ሰዓት «ደዝ ኧር» ማለትም ይቻላል፤ ደ ሁለት ነውና። ግን ደዝ እና ዱዝ የሚለዩት በአንድ አናባቢ ብቻ ስለሆነ መቀበያ ላይ ካቶርዝ ይሻላል። እኩለ ቀንንም «ሚዲ» ብሎ መገላገል ነው።

ጆሮ የሚያሳስት ሌላም አለ። «ድዩ ማታን» ሲሉ የእኛን ማታ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን የጠዋት ነው። የማታው «ድዩ ስዋር» ነው።

አጠያየቁን በተመለከተ ፈረንሳይኛ ሦስት መንገድ አለው። «ይሄዳሉ?» ለማለት ድምፅን ከፍ አድርጎ «ቩ ፓርቴ?»፣ ወይም «ኤስ ከ ቩ ፓርቴ?»፣ ወይም ገልብጦ «ፓርቴ ቩ?»። እንግሊዝኛው ለሦስቱም «አር ዩ ሊቪንግ?» ነው። ለጀማሪ የሚመቸው መካከለኛው ነው። «ኤስ ከ» የእኛን «ወይ» ይመስላል፤ እኛ መጨረሻ ላይ የምናመጣውን እነሱ ከፊት ያስቀድሙታል፣ የቀረው ዓረፍተ ነገር አይነካም። «ቩ» እርስዎ ነው። «ትዩ» አንተ ወይም አንቺ ስለሆነ ለእንግዳ አይባልም።

የዚያን ዕለት መኪናውን ሊያተርፍ ይችል የነበረው አንድ የማረጋገጫ ጥያቄ ነው፦ «ሲዝ ኧር ድዩ ማታን፣ ሴ ቢያን ሳ?» የጠዋቱ ስድስት፣ ልክ ነኝ? በእንግሊዝኛ «ኢዝ ዛት ራይት?»። ከዚያ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ከቁልፉ ጋር መስጠት። ፈረንሳዮች በሰዓቱና በደቂቃው መካከል «አሽ» የሚሏትን ፊደል (h) ያስገባሉ፤ 14 አሽ 30 ከተጻፈ ከቀኑ 8 ተኩል ነው።