እንኳን አደረሳችሁ! ስለ እምዬ እንዝርት ላውራችሁ

እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! አገር ቤት ያላችሁም፣ ርቃችሁ በዓሉን በስልክ የምታሳልፉትም፣ ዛሬ ሌሊት ሥራ ላይ ተረኛ የሆናችሁም። በየዓመቱ የሻማ ፎቶ ለጥፌ አልፍ ነበር። ዘንድሮ ግን የማወራችሁ ነገር አለኝ።

ይህን የምጽፈው ባህር ዳር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። የዶሮው ቁሌት ምድጃ ላይ ነው፤ በመሃል በመሃል እየተነሳሁ አማስላለሁ። ትከሻዬ ላይ አዲስ ጋቢ አለ። ከማጉ፣ በአግድም ከሚሸመነው ክር፣ ጥቂቷን የፈተልኳት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው አምና በጾመ ነቢያት ነው። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እምዬ ጋ ሄድኩ። እምዬ የእናቴ እናት ናት። ቤቷ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ ሲኬድ፣ በጮቄ በኩል ነው። ጮቄን የምታውቁ ብርዱን አልነግራችሁም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ፣ የገብስና የድንች አገር፣ ታኅሣሥ ላይ በጠዋት በር ስትከፍቱ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚጠብቃችሁ። ጥጥ እዚያ አይበቅልም። ከቆላ መጥቶ ገበያ ይወጣል፣ የደጋ ሴት ትገዛና ትፈትለዋለች። ጋቢ በጣም የሚያስፈልገው ጥጥ በማይበቅልበት አገር መሆኑን ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

የሄድኩት ላርፍ ነበር። ኔትወርክ የለም። ሁለት ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን እምዬ አጠገብ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ፣ "በይ እንጅ፣ እጅሽ ሥራ አይፍታ" አለችኝና አመልማሎ ሰጠችኝ።

አመልማሎ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ጥጡ ከገበያ የሚመጣው ከነፍሬው ነው። መጀመሪያ ይዳመጣል። ለስላሳ ድንጋይ ላይ አድርገው በቀጭን ብረት ሲዳምጡት ፍሬው ፈንጠር ፈንጠር እያለ ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ጥጡን እየነካ ድም ድም ባለ ቁጥር፣ ጭብጥብጥ ያለው ጥጥ እየተነፋ፣ እየቀለለ ሄዶ ባዘቶ ይሆናል። "ጸጉሩ ባዘቶ መሰለ" የምንለው ይህንን ነው። ባዘቶው ሳሳ ተደርጎ ይጠቀለልና አመልማሎ ይባላል። እንዝርት የሚነሳው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እምዬ ስትፈትል እዩልኝ። እንዝርቷን ጭኗ ላይ በመዳፏ ሸርተት ታደርጋትና ትለቃታለች። እንዝርቷ ተንጠልጥላ ትሾራለች። ግራ እጇ አመልማሎውን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከዚያ ዳመና ከሚመስል ነገር ውስጥ ክር ይወጣል፣ ክንዷ እስኪዘረጋ ድረስ። ከዚያ ጠቅልላ እንደገና። ሙጫ የለው፣ ስፌት የለው። ክር የሚያደርገው መክረሩ ብቻ ነው። ለሰዓታት ባየው አይሰለቸኝም ነበር።

እኔ ጋ ሲደርስ ክሩ ይበጠሳል። ወይ አመልማሎውን አብዝቼ እለቅና ገመድ ያክላል፣ ወይ እሰስትና ይሳሳል። በመጀመሪያው ቀን ስንቴ እንደተበጠሰብኝ አልቆጠርኩም። በዚያ ላይ ሲበጠስ ጫፉ ከልቃቂቱ፣ ከተጠቀለለው ፈትል፣ ውስጥ ይገባና ይጠፋል። "ውሉን ፈልጊያ!" አለችኝ እምዬ። ውሉን! እኔ በቀን ስንት ጊዜ ነው "ውሉ ጠፋብኝ" የምለው፤ ስብሰባ ላይ፣ ሪፖርት ስጽፍ፣ ከሰው ጋር ስከራከር። ውል የክር ጫፍ መሆኑን፣ በጥፍር ተፈልጎ የሚገኝ ነገር መሆኑን፣ በዚህ ዕድሜዬ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

የተበጠሰ ክር እንዴት እንደሚቀጠል አሳየችኝ። የተበጠሰውን ጫፍ ታፍታታዋለች፣ ክሩ ተመልሶ ጥጥ እስኪመስል። የአመልማሎውን ጫፍም እንዲሁ። ሁለቱን ታደራርባለች፣ ጣቷን ምራቅ ነካ ታደርጋለች፣ እንዝርቷን ታሾራለች። በቃ። ቦታውን ፈልጌ አጣሁት። ቋጠሮ ግን አትወድም። "ቋጠሮ ሸማኔ ያስቸግራል" ትላለች።

ዓይኗ ደክሟል፤ ሞራ አለባት። የምትፈትለው በጣቷ ነው። ማታ ማታ ልቃቂቴን ትቀበለኝና ክሩን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ቀስ እያለች ታሳልፈዋለች። አንድ ቀን መሃል ላይ ቆመች። "እስከዚህ ድረስ ደህና ነሽ የኔ ዓለም። እዚህ ላይ ሐሳብሽ ሄዷል።" እውነቷን ነው። ከሰዓት በኋላ መመለሻው መንገድ ክፍት ይሆን ወይ እያልኩ ሳስብ ነበር። አላልኳትም፣ ግን ክሩ ነግሯታል። አንድ ሰው ዝም ብዬ ያሰብኩትን እንዲህ አንብቦኝ አያውቅም።

ሁልጊዜ አይፈተልም ደግሞ። ሰንበት እንዝርት አይነካም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም አይነካም። ታኅሣሥ 22 ላይ ረስቼ ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። "ዛሬ ብሥራት ነው ልጄ።" ገብርኤል ሲያበሥራት እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ እየፈተለች ነበር፣ እሷም ፈታይ ናት አለችኝ። ይህን ሥዕል ስንት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ መሰላችሁ። እጇ ላይ ያለውን አስተውዬው ግን አላውቅም። አሁን ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እንዝርቱን ነው።

ስለ ባህር ዳርም ትጠይቀኛለች። በ1950ዎቹ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ስለተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰምታለች። "እዚያስ በእንዝርት ነው የሚፈትሉት?" አለችኝ። አዎ እምዬ፣ ብዙ እንዝርት ነው፣ መኪና የሚያሾረው አልኳት። ደስ አላት። ለነገሩ የፋብሪካ ክር ጠላት አይደለችም። ያሁኑ ጋቢዬ ድሩ፣ የቁመቱ ክር፣ የፋብሪካ ነው፣ ማጉ ነው የእጅ። ድር ሸማ ዕቃው ላይ ተወጥሮ ስለሚውል ጠንካራ መሆን አለበት፤ ማግ ግን ላላ ያለ፣ ለስለስ ያለ ሲሆን ነው የሚሞቀው። ለዚህ ነው የእጅ ማግ ያለው ጋቢ በብርድ ለብሳችሁት የሚታወቃችሁ።

የእኔ ልቃቂቶች አራት ነበሩ። ጉጥ የበዛባቸው። ስመለስ ጥያቸው ልሄድ ነበር፣ እምዬ ግን ከራሷ ጋር አንድ መሶብ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። የቀረውን ማግ ሁሉ የፈተለችው እሷ ናት፣ በጋውን ሙሉ፣ በዚያ ዓይኗ። ማጉ ተሰብስቦ ሸማኔው ጋ ሲሄድ የእኔን አይቶ "ይቺ ወፍራም ናት፣ ላውጣት?" አላት አሉ። "እንዳትነካት! የልጄ ናት" አለችው።

አልነካትም። ጋቢው አራት ድርብ ነው፤ ከጥለቱ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ስንዝር የምትሆን ቦታ አለች፣ እጄን ሳሳልፍ ጎርበጥ የምትል። በዓይን አትታይም። በእጅ ግን ወዲያው ትገኛለች። ልክ እምዬ እንደምታገኛት።

ከእናቴ እህቶች መካከል የምትፈትል አንዲት የለችም። እናቴም አትፈትልም። በዚህ አልወቅሳቸውም፤ ትምህርት ቤት የላከቻቸው ራሷ እምዬ ናት፣ እኔም ባህር ዳር ያለሁት በእሱ ነው። ግን ከኔ በቀር የሚቀበላት ሰው ስለሌለ ነው እንዝርት ያሸከመችኝ፣ እውነት ለመናገር። አንደኛዋን እንዝርቷን ሰጥታኛለች። ቅዳሜና እሑድን ትቼ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ ግማሽ ሰዓት አሾራለሁ። አሁን ብዙ አይበጠስብኝም። እና እናንተም ዘንድሮ ለበዓል አገር ቤት የገባችሁ፣ አያታችሁ ወይ አክስታችሁ እንዝርት ከያዘች እባካችሁ ስልካችሁን አስቀምጡና አጠገቧ ቁጭ በሉ። ፎቶ ማንሳቱ ይደርሳል። መጀመሪያ "እስቲ እኔም ልሞክር" በሏት።

ዛሬ ከሰዓት እምዬ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ እንደምንም ያዘ። እንኳን አደረሰሽ ተባባልን። ሌሊት ጋቢውን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ ነገርኳት።

"ያቺን ያንቺን ፈትል አገኘሻት?" አለችኝ።

"አገኘኋት እምዬ።"

"በየት በኩል ናት?"

"በቀኝ ትከሻዬ ላይ።"

ዝም አለች ትንሽ። "በይ እንግዲያ እንዳይበርድሽ" አለችኝ፣ ስልኩም ተቋረጠ።

ቁሌቱ ደርሷል፣ ልነሳ። መልካም ገና ይሁንላችሁ!